በእጥበት ሰዓት የተሰጠ እሺታ

አባቴ ወረቀቱ ላይ ሲፈርም አጠገቡ ቆሜ ነበር። እጁ አልተንቀጠቀጠም። ፊርማው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ፣ ከሥሩ የተሰመረበት ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሂሳብ ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው፤ ሳያይ አይፈርምም። ያን ቀንም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ገባዎት አባቴ?» አሉት ሐኪሙ።

«ገብቶኛል» አለ።

የኩላሊት እጥበት ማሽኑ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሰዓት አልፎታል። እስከዚያን ቀን ድረስ እጥበቱን የሚያደርገው አንገቱ ሥር በገባ ካቴተር፣ ማለትም ቀጭን ቱቦ ነበር። ሐኪሙ ካቴተሩ ለኢንፌክሽን እንደሚያጋልጠው ነገሩት። ግራ ክንዱ ላይ ፊስቱላ ቢሠራለት እንደሚሻልም አስረዱት። የደም ቅዳና የደም መልስ ሥሮቹን የሚያገናኝ ትንሽ ቀዶ ጥገና ነው፣ እስኪጠነክር ሳምንታት ወይም ወራት ይወስዳል፣ አንዳንዴም ላይሳካ ይችላል አሉት። ረጋ ብለው፣ በአክብሮት፣ ምንም ሳይዘሉ ነው የነገሩት። አባቴ በየመሀሉ አንገቱን ይነቀንቃል። በመጨረሻ ፈረመ።

በማግስቱ ጠዋት ለቀዶ ጥገናው የተያዘውን ቀጠሮ ሳነሳበት ቀና ብሎ አየኝ።

«የምን ቀዶ ጥገና?»

«የፊስቱላው ነዋ አባዬ። ትናንት ዶክተሩ ያስረዱህ። ፈርመሃል እኮ።»

«እስቲ ፊርማውን አሳየኝ።»

ግልባጩን አወጣሁለት። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው። «የእኔ ነው» አለ። «ግን አላስታውሰውም።» ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ይጠይቀኝ ጀመር። በየትኛው እጄ ነው? ቀኝ ከሆነ አይሆንም፤ የምጽፈው በሱ ነው። እስኪደርስ ድረስ አንገቴ ላይ ያለው ይቆያል ወይስ ይወጣል? ባይሳካስ በሌላኛው ክንድ ይሞከራል? ሥራ ላይ እያለ የማውቀው አባቴ ነበር። አንዲት ቁጥር ካልገጠመችለት ከወንበሩ የማይነሳው ሰውዬ።

የሚጠይቀው ሁሉ ትናንት ተነግሮታል። ሐኪሙ ምንም አልደበቁትም። እሱም አልዋሸም፤ «ገብቶኛል» ሲል የገባው መስሎታል። ታዲያ የፈረመው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀኝም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እያነበብኩ፣ ነርሶችን እየጠየቅኩ፣ አባቴን ደግሞ በተለያየ ሰዓት እየታዘብኩ ከረምኩ።

ደሙ የት ሄደ?

አንጎል ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ልብ ከምትረጨው ደም ግን ከ15 እስከ 20 በመቶ ይወስዳል። የራሱ የሚባል የረባ ስንቅ የለውም። ኦክስጅንና ስኳር በየሰከንዱ መምጣት አለበት፤ ለጥቂት ሰከንዶች ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ሰው ራሱን ይስታል። ስለዚህ የአንጎል የደም ሥሮች ጎበዝ ሆነው ተፈጥረዋል። የደም ግፊት ሲወርድ ይሰፋሉ፣ ሲወጣ ይጠባሉ። በጤነኛ ሰው ግፊቱ በመጠኑ ቢዋዥቅም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ብዙም አይናወጥም።

ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ወደ ማሽኑ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ የደም ግፊት ወይም ስኳር ለዓመታት ሲያደክሙት ቆይተው ነው። ኩላሊትን የጎዳው በሽታ የአንጎልን ጥቃቅን የደም ሥሮችም ሳይነካ አያልፍም። ሥሮቹ ይደርቃሉ፤ ካልሲየም ይጋገርባቸዋል። ሲያስፈልግ መስፋት ያቅታቸዋል።

በዚህ ላይ እጥበቱ አለ። ጤነኛ ኩላሊት ቀንና ሌሊት ሳያርፍ የሚሠራውን፣ ማሽኑ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በአራት በአራት ሰዓት ውስጥ ጨምቆ ይሠራዋል። በሁለት ቀን የተጠራቀመ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም አራት ሊትር ፈሳሽ በአንድ ቁጭታ ይወጣል። ፈሳሹ የሚቀዳው ከደም ሥር ነው። በሰውነት ውስጥ ያበጠው ውሃ ወደ ደም ሥር ተመልሶ ጉድለቱን መሙላት አለበት፤ ይህ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ማውጣቱ ከመሙላቱ ከቀደመ ግፊት ይወርዳል። እጥበት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማዛጋት ይመጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ እግር ይኮማተራል፣ ዓይን ይጨልማል። ሲስተሯ ሮጣ ወንበሩን ታስተኛለች፤ ማሽኑን ታዘገየዋለች።

የሚታየው ይህ ነው። እኔን ያሳሰበኝ የማይታየው ነው።

በኔዘርላንድስ የግሮኒንገን ተመራማሪዎች በ2018 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ያወጡት ጥናት አለ። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 12 የእጥበት ታካሚዎችን የሰውነትን ውስጥ በሚያሳየው የፔት ስካን ምርመራ አዩ። እጥበቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እንደተጀመረና ሊያልቅ ሲል ወደ አንጎላቸው የሚሄደውን ደም ለኩ። በአማካይ 10 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። አማካይ ነው፤ ከሰው ሰው ይለያያል። ሰዎቹም ጥቂት ናቸው። ነገር ግን ሰው ማሽኑ ላይ እያለ አንጎሉን በቀጥታ ማየት ከባድ ስለሆነ፣ ይህን ያህሉም ብዙ ይናገራል።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የኦክስፎርድ ቡድን 58 ታካሚዎችን ከ600 በላይ በሆኑ እጥበቶች ተከታትሎ ነበር። ግንባር ላይ በሚለጠፍ፣ በብርሃን የአንጎልን ኦክስጅን በሚለካ መሣሪያ ነው የተጠቀሙት። ከአራት እጥበት በአንዱ ገደማ፣ ቁጥሩ 23.5 በመቶ ነው፣ ለአንጎል የሚደርሰው ኦክስጅን በግልጽ ወርዶ ተገኘ። ከነዚህ ክስተቶች ውስጥ ታካሚው የተሰማው ነገር የነበረው በሲሶ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሁለት ሦስተኛ ዝም ብሎ አለፈ። ላብ የለም፣ ማዞር የለም፣ የሚጮህ ማሽንም የለም።

ይህን ሳነብ አባቴ አንገቱን ሲነቀንቅ ታየኝ። ክንዱ ላይ የታሰረው የግፊት መለኪያ ያን ሰዓት መጥፎ ቁጥር አላሳየም ነበር። የሚለካው ግን በየግማሽ ሰዓቱ ነው። እሱም ክንድን ነው እንጂ አንጎልን አይለካም።

ከሁሉ የበለጠ ወደ እኛ ጉዳይ የቀረበው የግላስጎው ጥናት ነው። በ2019 የወጣ ነው። 97 የእጥበት ታካሚዎች ተመረመሩ። በአልትራሳውንድ በራስ ቅላቸው በኩል በአንጎል የደም ሥር ውስጥ የሚሮጠውን ደም ፍጥነት ለኩ፤ እግረ መንገዱንም የማሰብ ፈተና ሰጧቸው። በእጥበቱ ጊዜ ፍጥነቱ ቀነሰ። ቅነሳው በበዛ ቁጥርም በፈተናው ላይ የሚታየው ድካም ባሰ። ደም ወረደ፣ ሐሳብ አብሮ ወረደ።

ማሽኑን ለመክሰስ አይደለም

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ይህን ጽሑፍ አንብቦ «እጥበት አእምሮ ያበላሻል» ብሎ ቀጠሮውን የሚቀር ሰው ቢኖር ባልጻፍኩት እመርጣለሁ። እጥበት መቅረት ይገድላል። አእምሮንም የሚያጨልመው በመጀመሪያ የኩላሊቱ መድከም ራሱ ነው። መውጣት ያልቻለው ቆሻሻ በደም ውስጥ ሲከማች ሰው ይፈዛል፣ ይቀባዥራል፣ በመጨረሻም ኮማ ውስጥ ይገባል።

የዚህ ማሽን ታሪክ ራሱ የሚጀምረው ከዚያ ጨለማ በተመለሰ ሰው ነው። ቪለም ኮልፍ የተባለው ሆላንዳዊ ሐኪም ካምፐን በምትባል ከተማ፣ በጦርነቱ መሀል፣ በ1943 ማሽኑን መሞከር ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች ከሞት አልዳኑም። በ1945 ግን ኮማ ውስጥ የገባች የ67 ዓመት ሴት ለ11 ሰዓት ታጠበች። ነቃች። ተናገረች። በሰው ልጅ ታሪክ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሕይወቷን ያተረፈላት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። የተመለሰላትም ልብና ሳንባ ብቻ አልነበረም፤ አእምሮዋ ተመልሷል። ስለዚህ ይኸው ማሽን አእምሮን ይመልሳል፣ ለጥቂት ሰዓታት ደግሞ ያደክማል። ሁለቱም እውነት ነው። አባቴም ያለ ማሽኑ ያን የማግስት ጠዋት ባላገኘው ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የአንጎል ደም በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ኩላሊት የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝዘውን ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ስለሚሠራ፣ ሲደክም ደም ማነስ ይከተላል። የሳሳ ደም የሚሸከመው ኦክስጅን ትንሽ ነው። አንጎልም ያንን ለማካካስ ብዙ ደም ይስባል። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ባልሆነበት ሰዓት የአንዳንድ ታካሚዎች የአንጎል ደም ፍሰት ከጤነኛ ሰው በልጦ ሊገኝ ይችላል። ደም ማነሱ ሲታከም ፍሰቱ ይቀንሳል፤ ይህኛው መቀነስ መልካም ዜና ነው። ወሬውን ቀላል ለማድረግ ብዬ ይህን ብዘለው ውሸት ይሆንብኝ ነበር።

የሐሳብ ድካሙም ከደም ፍሰት ብቻ አይመጣም። እንቅልፍ የማያስተኛ የእግር መቅበጥበጥ አለ። ድባቴ አለ። ኩላሊት ሊያስወጣቸው ያልቻለ መድኃኒቶች አሉ። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው ጋባፔንቲን፣ መጠኑ ለእጥበት ታካሚ ካልተስተካከለ፣ ተከማችቶ ሰውን ሊያደነዝዝ ይችላል። አባታችሁ ወይም እናታችሁ በድንገት ከፈዘዙ በመጀመሪያ የመድኃኒቱን ዝርዝር ለሐኪም አሳዩ። ፊት ሲጣመም፣ ክንድ ሲዝል ወይም ምላስ ሲተሳሰር ካያችሁ ደግሞ ጊዜ አትስጡ። ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ እጥበት ላይ ያሉ ሰዎች ለሱ ከሌላው ይበልጥ ተጋላጭ ናቸው።

የሚጠፋው ስም አይደለም

ዘመድ አዝማድ ስለ አባቴ ሲያወራ ሁለት ነገር ይላል። ግማሹ «ምንም አልሆነም፤ የሁላችንንም ስም፣ የድሮውን ነገር ሁሉ ያስታውሳል» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ችላ ብሏል፤ መድኃኒቱን እንኳ በሥርዓቱ አይወስድም» ይላል። ሁለቱም የሚያዩት እውነት ነው። የሚያገናኘውን ክር ግን አላዩትም።

በእጥበት ታካሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው የማስታወስ ጓዳው ሳይሆን የማቀናበር ችሎታው ነው። ሐሳብን በቅደም ተከተል መያዝ፣ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መዞር፣ ሁለት ነገር አመዛዝኖ መወሰን፣ ቶሎ መረዳት። ለምን እነዚህ? ከአንጎል ወለል በታች፣ በጥልቁ፣ የአንጎልን ክፍሎች እርስ በርስ የሚያገናኘው ነጩ የአንጎል ክፍል አለ። ደም የሚያገኘው ረጅምና ቀጭን በሆኑ ሥሮች ጫፍ ላይ ነው። የውሃ መስመር ግፊቱ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው መጨረሻ ላይ ያለው ቤት እንደሆነው ሁሉ፣ ደም ሲያንስም መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ጫፍ ነው። በኤም አር አይ ሲታይ የእጥበት ታካሚዎች ነጭ ክፍል ላይ ጠባሳዎች በብዛት ይገኛሉ።

አባቴ በየእጥበቱ ክብደቱንና ግፊቱን የሚመዘግብበት ደብተር አለው። ሲገባ ስንት፣ ሲወጣ ስንት። ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ አየሁት። ቁጥሮቹ አልተሳሳቱም። ልዩነቱ የት እንዳለ ለማየት ጊዜ ወሰደብኝ። ድሮ በየወሩ መጨረሻ አማካይ ያወጣ ነበር፤ ከግርጌም «ጨው ይቀነስ» የሚል ዓይነት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። ቀስ በቀስ አማካዩ ቀረ፣ ማስታወሻውም ቀረ። ቁጥር መጻፉ ቀጥሏል። ከቁጥሩ ተነስቶ መወሰኑ ግን ሳስቷል።

ይህ ነገር ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያሳይ የታወቀ ጥናት አለ። በ2006 አን መሪ የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ ዕድሜያቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ከ300 በላይ የእጥበት ታካሚዎችን ፈተኑ። 37.3 በመቶዎቹ ላይ ከባድ የማሰብ ችግር ተገኘ። 36.1 በመቶዎቹ ላይ መካከለኛ። ምንም ችግር ያልተገኘባቸው 12.7 በመቶ ብቻ ናቸው። እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው፤ በሕክምና ፋይላቸው ላይ ይህ ችግር ተጽፎ የተገኘው 2.9 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሐኪሞቹ ክፉ ሆነው አይደለም። በሳምንት ሦስት ቀን የሚያዩት፣ ሰላምታ የሚመልስ፣ የሚስቅ፣ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ላይ ማን ይጠረጥራል? ካልተፈተነ አይታይም። ፈተናው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ በወረቀትና እርሳስ፣ ከ30 የሚታረም፣ 10 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አለ።

ፈተናው በየትኛው ሰዓት ይሰጥ የሚለው ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ስለ አባቴ ወደ ገረመኝ ነገር የሚመልሰኝም እሱ ነው።

የትኛው ሰዓት ነው የእሱ?

እኚሁ አን መሪ በ2007 ሌላ ጥናት አወጡ። ትንሽ ነው፤ 28 የእጥበት ታካሚዎች። ያደረጉት ግን ማንም ሊያስበው የሚገባ ነበር። ያንኑ ሰው በተለያየ ሰዓት ፈተኑት። ከእጥበቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ በእጥበቱ መሀል፣ ከእጥበቱ በኋላና በማግስቱ። ከሁሉ የባሰው ውጤት በእጥበቱ መሀል የተገኘው ነው። የተሻለው ከእጥበቱ በፊትና በማግስቱ የተገኘው።

ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ መቀመጥ አቃተኝ። በእጥበት ክፍል ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ሐኪሙ ዙር የሚወጣው መቼ ነው? እጥበት ላይ እያሉ። የምግብ ባለሙያዋ መጥታ ስለ ጨውና ስለ ፖታሲየም የምታስረዳው? እጥበት ላይ እያሉ። አዲስ መድኃኒት የሚታዘዘው፣ ቀጠሮ የሚነገረው፣ የስምምነት ወረቀት የሚፈረመው? ያኔው። ምክንያቱ ይገባኛል። ታካሚው አንድ ቦታ፣ ለአራት ሰዓት፣ የትም ሳይሄድ ቁጭ ብሏል። ለሠራተኛው ከዚያ የሚመች ሰዓት የለም። ለታካሚው አንጎል ግን ከዚያ የከፋ ሰዓት የለም።

የአባቴ «ገብቶኛል» የተሰጠው በዚያ ሰዓት ነው። እኔ ያ ፊርማ ዋጋ የለውም ለማለት አልደፍርም። ሕግ አዋቂ አይደለሁም። አንድ ነገር ግን አምናለሁ። ሰውን ስለ ገዛ ሰውነቱ ስንጠይቀው፣ ራሱ ሙሉ ሆኖ በሚገኝበት ሰዓት ልንጠይቀው ይገባል። ያ ሰዓት እንዳለ እያወቅን በሌላ ሰዓት ጠይቀን መልሱን መያዝ፣ ሳይጠይቁ ከመወሰን ብዙም አይርቅም።

ሐኪሙን በስልክ አገኘኋቸውና የሆነውን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። እጥበት በሌለበት ቀን ጠዋት እንድንመጣ አደረጉ። አባቴ ጥያቄዎቹን ወረቀት ላይ ጽፎ ነበር። አንድ በአንድ ጠየቀ፤ እሳቸውም መለሱ። በዚያው ግራ ክንድ፣ በዚያው ቀን፣ ያው ቀዶ ጥገና። የተለወጠ ነገር የለም የሚል ሰው ይኖራል። አባቴ ግን ከዚያ በኋላ ፊስቱላውን «የእኔ» ማለት ጀመረ። እጁን ያለማምድለታል፤ የላስቲክ ኳሷን የሚጨምቃት ማንም ሳያስታውሰው ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሳናወጀው የመጣ ልማድ አለ። ከባድ ወሬ በእጥበት ቀን አይነሳም። ገንዘብ ይሁን መድኃኒት፣ የቤተሰብ ጉዳይም ቢሆን፣ ለማግስቱ ጠዋት ይቆያል። በእጥበቱ ጊዜ የተነገረ ነገር ካለ እኔ ወይም እህቴ እንጽፋለን፤ በማግስቱ እሱ ራሱ ያነበዋል። ከእጥበት ሲወጣ መኪና አይነዳም። አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው የሌላቸው ታካሚዎች ብዙ ናቸው። ለነሱ ሲስተሯ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ «ነገ ያንብቡት» ብላ ብትጽፍላቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ቀስ ማለት

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ለትዕግሥት እንጠቀምበታለን። በእጥበት ክፍል ውስጥ ሕክምና ነው። ፈሳሹ በዝግታ ሲወጣ ደም ሥሩ ለመሙላት ጊዜ ያገኛል። ብዙ ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ13 ሚሊ ሊትር በላይ እንዳይወጣ ይመክራሉ። ለ70 ኪሎ ሰው በአራት ሰዓት 3.6 ሊትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከተጠራቀመ፣ የሚሻለው ሰዓቱን ማርዘም ወይም ቀን መጨመር ነው። «ቶሎ ጨርሱልኝና ልሂድ» የሚል ታካሚ ብዙ ነው፤ ማን ይፈርድበታል? አባቴም ይላል። የሚያወጣው ፈሳሽ እንዲያንስ ደግሞ በሁለት እጥበቶች መሀል የሚገባው ማነስ አለበት። ለዚህ ቁልፉ ጨው ነው። ጨው የበላ ይጠማል፤ የተጠማን ሰው «አትጠጣ» ማለት ጭካኔ ነው። ጨውን መቀነስ ይቀላል።

የማጠቢያውን ፈሳሽ ማቀዝቀዝ የሚባል ዘዴም አለ። ሰውነት ቀዝቀዝ ሲል ደም ሥር ይጠብባል፤ ግፊት ይጸናል። በ2015 በእንግሊዝ የወጣ ሙከራ እጥበት በቅርቡ የጀመሩ 73 ሰዎችን ለሁለት ከፈለ። ለአንዱ ወገን ፈሳሹ ከራሱ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ዝቅ ተደረገ፤ ለሌላው 37 ዲግሪ ሆነ። ከዓመት በኋላ በቀዘቀዘው ወገን ነጩ የአንጎል ክፍል ተጠብቆ ተገኘ። ተስፋ ሰጠኝ። ከዚያ በ2022 በካናዳ ኦንታሪዮ በ84 የእጥበት ማዕከላት፣ ከ15,000 በላይ ታካሚዎች ላይ የተደረገው ትልቅ ሙከራ ወጣ። ማቀዝቀዙ በልብና በደም ሥር ሕመም የሚመጣን ሞትና ሆስፒታል መግባት አልቀነሰም። ብርዱ ግን ታካሚዎችን አስቸገረ። የማሰብ ችሎታን ለመለካት የተዘጋጀ ሙከራ ስላልነበር የአንጎሉን ጥያቄ አልዘጋውም። እንደ ተአምር ከመያዝ ግን አዳነኝ። ግፊቱ ቶሎ ቶሎ ለሚወርድበት ሰው ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አልልም።

ተስፋ የቆረጠ ሰው አንድ ታሪክ ይስማ። በ1970ዎቹ አንዳንድ የእጥበት ታካሚዎች መናገር ይሳናቸው፣ ይንቀጠቀጡ፣ አእምሯቸውን ይስቱና ይሞቱ ነበር። በ1976 በዴንቨር አልፍሬይና ባልደረቦቹ ምክንያቱ አሉሚኒየም ሳይሆን አይቀርም አሉ። ለእጥበቱ ከሚውለው ውሃና ከሚዋጡት መድኃኒቶች የሚመጣ ነበር። ውሃው መጣራት ጀመረ፤ መድኃኒቶቹም ተቀየሩ። ያ በሽታ ዛሬ እምብዛም አይታይም። የአንጎሉ ጉዳይ የዕጣ ነገር ነው ተብሎ ቢተው ኖሮ ማንም ውሃውን አይመረምርም ነበር።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው መንገድ ነው። በግላስጎው ጥናት ውስጥ ኩላሊት የተተከለላቸው ሰዎች በማሰብ ፈተናዎች ላይ ተሻሽለው ተገኝተዋል። ሌሎች ጥናቶችም ወደዚያው ያመለክታሉ። ሁሉም ነገር ወደ ነበረበት አይመለስም፤ ግን ጭጋጉ ይሳሳል።

እህቴ ልትሰጠው ተዘጋጅታ ነበር። ለመመርመር ቀን ይዛለች። ነገሩን ያነሳንለት ራሳችን ባወጣነው ልማድ ነው፤ በማግስቱ፣ ጠዋት፣ ተኝቶ ከተነሳ በኋላ። ሁሉንም ሰማ። ሰጪው ላይ ምን አደጋ አለ፣ ስንት ጊዜ ያሳርፋታል፣ በኋላ መውለድ ብትፈልግስ ብሎ ጠየቀ። የማናውቀውን ለሐኪሙ እንድንጽፍ አደረገ። በመጨረሻ «ከእሷ አልወስድም» አለ።

እህቴ አለቀሰች። ወጣ ብላ «እጥበቱ ነው እንደዚህ የሚያናግረው» አለችኝ። እንዲህ ባምን ደስ ይለኝ ነበር። ግን ከእጥበቱ ማግስት ነው፤ ጥያቄዎቹ በቅደም ተከተል የመጡ ናቸው፤ ምክንያቱንም ነግሮናል። ፊርማው ሲመቸን ከጭጋጉ አውጥተን ያጸናንለትን ሰው፣ እምቢታው ሳይመቸን ሲቀር ወደ ጭጋጉ ልንመልሰው አንችልም። የሟች ሰው ኩላሊት የሚጠበቅበት ዝርዝር ውስጥ ለመግባት እንደሚስማማ ነግሮናል። የሱን ወረቀት በመሙላት ላይ ነን። እህቴም ምርመራውን አልሰረዘችም።